«ታሪኩ የራስሽ ነው ወይ?»

ደብረ ማርቆስ ላይ የሥነ ጽሑፍ ምሽት የሚመራ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ያስተውላል። ግጥም የሚያነብ ወጣት ደረቱን ነፍቶ ወደ መድረክ ይወጣል፤ ከገዛ ሕይወቱ የቀዳውን አጭር ልብ ወለድ የሚያነብ ግን ገና ወረቀቱን ሳይዘረጋ ማስተባበል ይጀምራል። «ሰዎቹ የሉም፣ ፈጠራ ነው» ይላል። ሥነ ጽሑፍ ማስተማርና እንዲህ ያለውን መድረክ መምራት ሥራዬ ነውና ይህን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አልፈርድበትም። አዳራሹ ውስጥ የእናቱ ጎረቤት አሉ፣ የልጅነት መምህሩ አሉ፣ የእድሩ ጸሐፊ አሉ።

በዚያ ላይ አገሩ የቅኔ አገር ነው። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ደብረ ኤልያስን፣ ዲማ ጊዮርጊስን ያፈራ ሕዝብ ጆሮው ሰሙን አልፎ ወርቁን ሲፈልግ የኖረ ነው። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት ነው፤ አንዴ ተሰምቶ ይያዛል፣ ምሥጢሩ ሲገኝም «ይበል!» ይባላል። ያንኑ ጆሮ ይዞ ልብ ወለድ የሚሰማ ሰው ወርቅ ብሎ የሚያድነው ባለቤቱን ነው። ያ ሰካራም አባት ማን ነው? ያቺ የተፈታች አክስት የማን እህት ናት? እሱን ሲያሰላስል ታሪኩ ያመልጠዋል። አዲስ አበባም ቢሆን በራስ ሆቴል ስሙ የገነነው መድረክ ግጥም በጃዝ ነው፤ ለዝርው ጽሑፍ ጆሯችን ገና አልለመደም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚሁ ከእኛው አካባቢ፣ እንዶዳም፣ በ1902 ዓ.ም. ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን ሲያሳትሙ ማንኩሳንና ዲማን በስማቸው ጠርተው፣ በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሣን ግን በምናባቸው ፈጠሩ። ብዙ ሰው መጽሐፉን ከገጹ አስቀድሞ የሚያውቀው በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ወጋየሁ የሌላ ሰው ድርሰት እያነበበ ነበርና ለየገጸ ባሕርያቱ ድምፅ መስጠቱ አምሮለታል። ከራሱ ሕይወት የጻፈ ሰው የአባቱን ድምፅ ሲያስመስል ግን አዳራሹ የሚያየው ገጸ ባሕርዩን ሳይሆን አባትየውን ነው። በራስ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ ማንበብ ይበልጣል እላለሁ።

ከምሽቱ በፊት ጽሑፉን ከአንባቢው ጋር በእርሳስ እንሄድበታለን። አድማጭ ገጽ መልሶ አይገልጥም። «ትናንት ከገበያ የመጣው እህቴን ያገባው ሰውዬ ወንድም» የሚል ሐረግ ወረቀት ላይ ይቻላል፤ ለጆሮ ግን ግሡ እስኪደርስ ባለቤቱ ይጠፋል። «ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ» እያለ የሚወርድ ዓረፍተ ነገር ቢረዝምም ይሰማል። አንዲት ልጅ ይዛው በመጣችው ታሪክ ውስጥ «ወንድሜ ይመታል» የሚል ነበር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ ላልቶ ቢነበብ ወንድምየው መቺ፣ ጠብቆ ቢነበብ ተመቺ ይሆናል። ገጹ ሁለቱንም ይሸከማል፤ አፍ ግን አንዱን መምረጥ አለበት። ልጅቱ ጥቂት ቆይታ ከ«መ» በላይ የማጥበቂያ ነጥብ አኖረች።

አንባቢዎቹ ካነበቡ በኋላ ለአድማጭ ዕድል ስሰጥ አንድ ጥያቄ አልፈቅድም፦ «ታሪኩ የራስሽ ነው ወይ?» አንዳንድ ባልደረቦቼ ክልከላው አይዋጥላቸውም፤ ሕዝብ ፊት የቆመ ጸሐፊ ለማንኛውም ጥያቄ መዘጋጀት አለበት ይላሉ። እኔ ግን ያ ጥያቄ ከቀረበላቸው በኋላ ተመልሰው ያልመጡ አውቃለሁ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ደግሞስ ቅኔ ቤት ያለውን ሥርዓት እናውቀው የለ? ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቃሉን፣ ዜማውን፣ ምሥጢሩን ያርማል። ስለ ቤተሰቡ የሚጠይቀው የለም።

ያቺ ልጅ አንብባ ስትጨርስ መጀመሪያ እጃቸውን ያነሡት አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ። «ልጄ፣ ወንድምየው በሩን በጀርባው ተደግፎ ቆሟል ብለሻል። በሩ ወደየት ነው የሚከፈተው?»

«ወደ ውስጥ ነው፣ የኔታ።»

«ታዲያ እሱ ሳይነሣ አባትየው በየት ገባ?»

ልጅቱ ወረቀቷን መልሳ አገላበጠች። አንዱ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት አለ፤ ሌላው ደግሞ አይሆንም፣ ወንድምየው ተገፍቶ ይውደቅ፣ መመታቱም ከዚያ ይጀምር አለ። የቀረውን ሰዓት በዚያ በር ስንከራከር አመሸን።