በሌዘር ማግኔትን መገልበጥ

በሌዘር ማግኔትን መገልበጥ የአንድን ቁስ የማግኔት አቅጣጫ ያለ ሌላ ማግኔት እገዛ፣ በአጭር የብርሃን ምት ብቻ የመቀየር ዘዴ ነው። በሃርድ ዲስክ ላይ 0 እና 1 የሚጻፉት በማግኔት አቅጣጫ በመሆኑ፣ ዘዴው መረጃን እጅግ በፍጥነት ለመጻፍ ያስችላል ተብሎ ይጠናል።

ምቱ የሚለካው በፌምቶሰከንድ ነው። ብርሃን ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጣና ሐይቅን ተሻግሮ ጎርጎራ ለመድረስ የሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ አይፈጅበትም፤ በ40 ፌምቶሰከንድ ግን የሚጓዘው 12 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከጸጉር ውፍረት ያንሳል።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1996 ስትራስቡርግ (ፈረንሳይ) ውስጥ የሌዘር ምት የኒኬልን ማግኔታዊነት ከ1000 ፌምቶሰከንድ ባነሰ ጊዜ እንደሚያዳክም ታየ። በ2007 በኔዘርላንድስ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጋዶሊኒየም፣ የብረትና የኮባልት ቅይጥን ማግኔታዊነት በ40 ፌምቶሰከንድ ምት ገለበጡ። በ2012 ደግሞ የምቱ ሙቀት ብቻውን ለዚህ እንደሚበቃ ተገለጸ።

አሠራር

በቅይጡ ውስጥ የብረትና የጋዶሊኒየም አቶሞች ማግኔታዊ አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። ምቱ ሲያርፍ የብረቱ ማግኔታዊነት ቀድሞ ይጠፋና ለአፍታ ከጋዶሊኒየሙ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል። ሁለቱ በተፈጥሯቸው ተቃራኒ መሆን ስላለባቸው ጋዶሊኒየሙም ተከትሎ ይገለበጣል።

በሙቀት ብቻ ሲሠራ እያንዳንዱ ምት የነበረውን አቅጣጫ ይገለብጣል እንጂ 0 ወይም 1 መርጦ አይጽፍም፤ ስለዚህ ከመጻፍ በፊት የነበረውን ማንበብ ያስፈልጋል።