ሕፃናትን የሕይወት ሳይንስ በመዝሙር ማስተማር

በኢትዮጵያ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በሚሰጥባቸው ክፍሎች መዝሙር የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ሕፃናት ወደ ክፍል ሲገቡ ይዘምራሉ፤ እጃቸውን ሲታጠቡ ይዘምራሉ፤ ወደ ቤታቸው ሲሰናበቱም እንዲሁ። ከዚህ የመቀበያና የመሸኛ አገልግሎቱ ባሻገር መዝሙር የአካል ክፍሎችን፣ የእንስሳትንና የዕፅዋትን ዕድገት እንዲሁም የግል ንጽህናን ለማስተማር ይውላል። መዝሙር በዚህ ተግባር ላይ ምን ያህል ይረዳል፣ የማይረዳውስ የት ላይ ነው የሚለው ጥያቄ ግን መጽሐፍ ለሚያዘጋጁም ሆነ ትምህርት ቤት ለሚከታተሉ የሥራ ኃላፊዎች በቂ ትኩረት ያገኘ አይደለም።

ትምህርትን በዜማ መያዝ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የፊደል ቆጠራና የንባብ ትምህርትም ሆነ በቁርዓን ትምህርት ቤቶች ተማሪው የሚማረውን ድምፁን ከፍ አድርጎ በዜማ እየደጋገመ ያጠናል። በመስከረም ወር ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ በእጃቸው የሚይዙት አደይ አበባ ክረምቱ ሲወጣ የሚፈነዳ ነውና፣ ዘፈኑ ወቅትንና ተክልን አንድ ላይ አስተሳስሮ ለልጆች ሲያስተላልፍ ኖሯል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት የሕፃኑን ሁለንተናዊ ዕድገት በመገንባት ለመደበኛ ትምህርት እንዲያዘጋጀው ያመለክታል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የደነገገውም ይኸው ፖሊሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ተግባራዊ መሆን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በተስፋፋው የ‹‹ኦ›› ክፍል የሚማሩ ሕፃናት ቁጥር በመጨመሩ፣ ብዙ ልጆችንና ጥቂት የማስተማሪያ መሣሪያዎችን ይዛ የምትሠራ መምህርት ያለወጪ የምታገኘው መሣሪያ መዝሙር ሆኗል።

ዜማ ለማስታወስ ይረዳል የሚለው እምነት በጥናትም ተፈትሿል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዋንዳ ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ በዜማ የተሰማ ግጥም በንባብ ከተሰማው የተሻለ የሚታወሰው ዜማው ከስንኝ ስንኝ ሳይለወጥ ተደጋግሞ አድማጩ ሲለምደው መሆኑን አረጋግጠዋል። ዜማው ያልተለመደ ከሆነና አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰማ ግን ንባቡ የበለጠ ይታወሳል። ጥናቱ የተካሄደው በአዋቂዎች ላይ ቢሆንም ለመምህራን የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ለየርዕሰ ጉዳዩ አዲስ ዜማ ከመፍጠር ይልቅ ልጆቹ የሚያውቁትን አንድ ቀላል ዜማ ይዞ ቃላቱን መለዋወጥ ይሻላል። በዓመቱ መጨረሻ በዓል ላይ ለወላጆች ለማሳየት ተብሎ በሁለት ሳምንት የሚጠና ረጅም መዝሙር ከዚህ አንጻር የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

መዝሙር ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ቅደም ተከተል ያለውን ነገር ለማስያዝ ነው። የሕይወት ሳይንስ ደግሞ ለሕፃናት ሲቀርብ በአብዛኛው ቅደም ተከተል ነው፤ ዘር በቅሎ፣ አብቦ፣ አፍርቶ ተመልሶ ዘር ይሆናል፤ ዕንቁላል ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ ተመልሶ ዕንቁላል ይጥላል። ስለ ባቄላ አበቃቀል የምታስተምር መምህርት ልጆቹ በለመዱት ዜማ እንዲህ ያሉ ስንኞችን ልታስገባ ትችላለች፤

ባቄላዬ አበጠች ውሃ ጠጥታ፣
ሥሯን ወደ ታች ሰደደች ቅርፊቷን ፈትታ፤
ቀንበጧ ቀና አለ አፈሩን ገፍቶ፣
ቅጠሏ ተዘረጋ ብርሃን አይቶ።

እነዚህ አራት ስንኞች የተደረደሩት በአጋጣሚ አይደለም። ዘሩ መጀመሪያ ውሃ ይመጥጣል፤ ቀጥሎ ሥር ያወጣል፤ ቀንበጡ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ብርሃን የተጠቀሰው በመጨረሻው ስንኝ ብቻ የሆነውም ዘር ለመብቀል የሚያስፈልገው ውሃ፣ አየርና ሙቀት በመሆኑ ነው። ለዚህ ማስረጃው በየቤቱ ይገኛል። ለጠላ የሚሆነው ብቅል የሚበቅለው በውሃ ርሶ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ብርሃን በሌለበት ሥፍራ ነው። ጉንቁል የሚሠራ ቤት ያደገ ልጅም ይህንኑ በዓይኑ ያየ ነው። ብርሃን የግድ የሚሆነው ቅጠሉ ወጥቶ ተክሉ ምግቡን ራሱ ማዘጋጀት ሲጀምር ነው፤ እስከዚያው የሚመገበው በዘሩ ውስጥ የተከማቸውን ስንቅ ነው።

መዝሙሩ ትምህርት የሚሆነው ከዘሩ ጋር ሲሄድ ነው። አንድ ብርጭቆ፣ ጥቂት እርጥብ ጥጥና ሌሊቱን በውሃ የተዘፈዘፉ አምስት ወይም ስድስት የባቄላ ፍሬዎች ይበቃሉ። ጥጡ እርጥበት እንጂ የተጠራቀመ ውሃ ሊኖረው አይገባም፤ ውሃ ውስጥ የሰጠመ ዘር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ልጆቹ በየማለዳው ብርጭቆውን እየተመለከቱ ዘሩ የደረሰበትን ስንኝ ብቻ ይዘምራሉ። ሥሩ ሳይወጣ ሁለተኛው ስንኝ አይዘመርም። በዚህ አሠራር መዝሙሩን ወደፊት የሚገፋው ተክሉ ራሱ ይሆናል።

ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይም ከዚሁ ይነሳል። ስለ ዘር አበቃቀል በውጭ አገር ቋንቋዎች የተዘጋጁ የሕፃናት መዝሙሮችና ሥዕሎች ብዙውን ጊዜ ሁለቱን የፍሬ ክኮች ከአፈር በላይ ወጥተው፣ እንደ ወፍራም ቅጠል ተከፍተው ያሳያሉ። ይህ ለቦሎቄ ትክክል ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ‹‹ባቄላ›› ከተባለ ስህተት ይሆናል፤ የአበሻ ደጋ የሚያውቀው ባቄላ ክኮቹን ከአፈር ሥር ትቶ ቀንበጡን ብቻ ወደ ላይ ይልካል። አተር፣ ሽምብራና ምስርም እንደ ባቄላው ናቸው። ልጁ በብርጭቆ ያየውና በመዝሙር ያለው ሳይገናኙ ሲቀሩ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ዓይኑን ይጠራጠራል፣ ወይ መዝሙሩን ከትምህርት ሳይቆጥር ይዘምረዋል። ሁለቱም ለሳይንስ ትምህርት መጥፎ ጅምር ናቸው። በመጽሐፍ ላይ ያለ ስህተት በሚቀጥለው እትም ይታረማል፤ በዜማ የተያዘ ስህተት ግን ከልጁ ጋር ያድጋል፣ ለታናናሾቹም ይተላለፋል።

ተመሳሳይ ችግር በነፍሳት ትምህርት ላይ ይታያል። በዓለም ዙሪያ ለሕፃናት የሚቀርበው ዋነኛ ምሳሌ ቢራቢሮ ነው። የቢራቢሮ የሕይወት ዑደት አራት ደረጃ አለው፤ ዕንቁላል፣ አባጨጓሬ፣ ፑፓና በራሪ ቢራቢሮ። ሦስተኛው ደረጃ በዕለት ተዕለት አማርኛ የታወቀ ስም ስለሌለው መዝሙሩ እዚያ ላይ ሲደርስ ልጆቹ ትርጉሙን የማያውቁት ቃል ይጮኻሉ። አንበጣ ግን ይህ ችግር የለበትም። ዕንቁላሉ በአፈር ውስጥ ይጣላል፤ ክንፍ የሌለው ኩብኩባ ሆኖ ይወጣል፤ ኩብኩባው አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ቆዳውን ከቀየረ በኋላ ክንፍ አውጥቶ አንበጣ ይሆናል። ቃላቱ ከገበሬው አፍ የተገኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 የበረሃ አንበጣ መንጋ በኢትዮጵያ በ25 ዓመታት ውስጥ ያልታየ ወረራ ባደረሰበት ወቅትም ኩብኩባን ክንፍ ከማውጣቱ በፊት መከላከል የዘመቻው አንዱ አካል ነበር። የዚህን ትርጉም የሚያውቅ ልጅ የተማረው ዘፈን ብቻ አይደለም። የቢራቢሮውን አራት ደረጃ ቃሉን ብቻ ለውጦ ለአንበጣ ማዋል ግን አይቻልም፤ አንበጣ ፑፓ የሚባል ደረጃ የለውም።

የአማርኛ ቋንቋ በእንስሳት ዕድገት ላይ ያለው ሀብት በመዝሙር አዘጋጆች እምብዛም አልተነካም። እንቦሳ፣ ጥጃ፣ ጊደር፣ ላም፤ በወንዱም በኩል ወይፈንና በሬ አሉ። ለዶሮም ዕንቁላል፣ ጫጩት፣ ቄብ፣ እናት ዶሮ ይባላል። ከዕንቁላል እስከ ጫጩት ያለውን 21 ቀን ለመቁጠር የሚያስችል መዝሙር የሒሳብ ትምህርትም ይሆናል። የገጠር ልጅ እነዚህን ቃላት ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ለከተማ ልጅ ግን አዲስ ናቸውና እንስሳውን ወይም ቢያንስ ሥዕሉን ማየት ይኖርበታል። በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎችም የየራሳቸው ቃላት ስላሉ አንዱን መዝሙር ቃል በቃል ወደ ሌላው ከማዞር ይልቅ፣ እውነታውን ሰጥቶ ግጥሙን በየቋንቋው ተናጋሪ ማስጻፍ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ሕፃናት ሕይወት ያለውንና የሌለውን የሚለዩበት መንገድም መዝሙር ሊያበላሸው ወይም ሊያቃናው የሚችል ጉዳይ ነው። የስዊዘርላንዱ ምሁር ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ባደረጓቸው ጥናቶች ትንንሽ ልጆች የሚንቀሳቀስን ነገር፣ ለምሳሌ ፀሐይን፣ ደመናንና ወንዝን ሕይወት እንዳለው አድርገው እንደሚናገሩ ጽፈዋል። በአንጻሩ ተክል ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ብዙ ልጆች ሕይወት እንዳለው አይቆጥሩትም። ፀሐይ የምትስቅበት፣ ወንዝ የሚናገርበት መዝሙር ለጨዋታ ያማረ ነው፤ ሕይወት ስላለው ነገር በሚያስተምር ሰዓት ግን መምህርቷ ‹‹ወንዝ ይበላል? ይወልዳል?›› ብላ መጠየቅ ይጠበቅባታል።

ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ካዮኮ ኢናጋኪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት በቤታቸው ወርቃማ ዓሣ ያሳደጉ የ5 ዓመት ሕፃናት፣ አሳድገውት ስለማያውቁት ስለ እንቁራሪት ሲጠየቁም ከሌሎቹ የተሻለ ምክንያታዊ መልስ መስጠታቸውን አሳይተዋል። ዓሣ ማሳደግ ለብዙዎች የሚቻል ባይሆንም፣ ጫጩትና ግልገል ለብዙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ቅርብ ናቸው።

የጤና መዝሙሮች በሌላ መስፈርት ይመዘናሉ፤ ልጁ የሚያደርገው ነገር ተለውጧል ወይ በሚለው። እጅ ሲታጠብ በሳሙና ለ20 ሴኮንድ ያህል መታሸት እንዳለበት ስለሚመከር የመዝሙሩ ርዝመት ራሱ ሰዓት ሆኖ ያገለግላል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ በተከሰተበት ወቅት ይህ ዘዴ በብዙ አገሮች ታውቋል። በዓለም ከፍተኛ የትራኮማ ጫና ካለባቸው አገሮች ግንባር ቀደም በሆነችው ኢትዮጵያ ፊትን መታጠብ ከበሽታው መከላከያዎች አንዱ በመሆኑ የፊት መታጠብ መዝሙር ተገቢ ቦታ አለው። ይሁንና ውሃ በሌለበት ትምህርት ቤት ስለ መታጠብ የሚዘምሩ ልጆች የሚማሩት መዝሙር የሚባለው ነገር ከተግባር ጋር የማይገናኝ መሆኑን ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤት የመዝሙር መጽሐፍ ሲያከፋፍል የውሃውን ጉዳይ ከውሃ ጽሕፈት ቤት ጋር አብሮ ቢያነሳ ሥራው ሙሉ ይሆን ነበር።

በመገናኛ ብዙኃን በኩልም ልምድ አለ። በአባባ ተስፋዬ ስም የሚታወቁትና በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ልጆችን በተረትና በጨዋታ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 መተላለፍ የጀመረውና በብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ የተመሠረተው ‹‹ፀሐይ መማር ትወዳለች›› የተሰኘው ፕሮግራም ደግሞ በአሻንጉሊቷ ቀጭኔ አማካኝነት ጤናንና ሳይንስን ከመዝሙር ጋር አቅርቧል። ቴሌቪዥን ጥሩ መዝሙር ወደ ብዙ ቤት ያደርሳል፤ ሆኖም ብርጭቆውን በልጁ እጅ የሚያስይዘው መምህሩ ነው።

ልጆች የዘመሩትን መረዳታቸውን ለማወቅ ፈተና አያስፈልግም። መምህርቷ ‹‹ባቄላዋ ቅጠል ከማውጣቷ በፊት ምን አወጣች?›› ብላ ከመሃል ትጠይቃለች። መልሱን ለማግኘት መዝሙሩን ከመጀመሪያው በለሆሳስ የሚጀምርና ቦታው ላይ ሲደርስ የሚያቆም ልጅ መዝሙሩን እንደ መሰላል ተጠቅሞበታል። ማቆም ያቃተውና እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው ገና ነው፤ እርሱ ወደ ብርጭቆው ተመልሶ ቢያይ ይሻላል። ለሱፐርቪዥን ወደ ክፍል የሚገባ ባለሙያም የመዝሙሩን ድምቀት ከመመዝገብ ይልቅ ይህን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ የተሻለ መረጃ ይዞ ይወጣል።

ከመታተሙ በፊትም የመዝሙሩን ጽሑፍ አንድ የሥነ ሕይወት መምህርና አንድ የቋንቋ ባለሙያ አብረው ተቀምጠው ቢያነቡት የባቄላውና የቦሎቄው ዓይነት ስህተት በግማሽ ቀን ሊታረም ይችላል።

ሌላው በዕቅድ ሰዓት የሚረሳው ወቅት ነው። ባቄላ በብርጭቆ በማንኛውም ወር ይበቅላል፤ አበባው በማሳ ላይ የሚታየው ግን በደጋው አካባቢ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አደይ አበባም መስከረም ላይ ፈንድቶ ብዙ ሳይቆይ ይረግፋል። የአበባን ክፍሎች የሚያስተምረውን መዝሙር ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ያስቀመጠ የትምህርት ዕቅድ፣ መምህርቷ ልጆቹን ይዛ ወደ ግቢ ስትወጣ የምታሳያቸው አደይ አይኖራትም።