ስለ ምዕራብ አፍሪቃ ስስ ቂጣ አሠራር

በምዕራብ አፍሪቃ አገሮች፣ ይልቁንም በናይጄሪያና በጋና፣ ከስንዴ ዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት የሚሠራ ስስ ቂጣ አለ። በእነዚህ አገሮች ፓንኬክ ይሉታል፤ በሴኔጋል ግን ተመሳሳዩ ቂጣ በፈረንሳይኛው ስም ክሬፕ ይባላል። በጐዳና ላይ ሻጮች እየጠቀለሉ ይሸጡታል፤ በየቤቱም ለቁርስ ይጋገራል። የዚህን ቂጣ አሠራር ማወቅ ለመምህርም ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪም ይጠቅማል፤ ጥቂት ዱቄት ለብዙ ሰው የሚዳረስበትን መንገድ ያሳያልና።

ስንዴ ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚወድ እህል ስለ ኾነ፣ በምዕራብ አፍሪቃ ሞቃትና እርጥብ የባሕር ዳርቻ አይስማማውም። በሰሜን ናይጄሪያ በመስኖ የሚዘራ ቢኖርም፣ ለአገሮቹ የሚያስፈልገው አብዛኛው ስንዴ ከባሕር ማዶ በመርከብ ይመጣል። ስለዚህ የዱቄቱ ዋጋ በሩቅ አገር በሚኾነው ነገር ይወጣል፣ ይወርዳል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በጥር ወር 1994 ሴኔጋልና ካሜሩን ከሌሎች አገሮች ጋር የሚገበያዩበት የሴፋ ፍራንክ፣ ከፈረንሳይ ፍራንክ አንጻር ዋጋው በግማሽ በተቀነሰ ጊዜ፣ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ተወደደ። በ2022ም ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ጊዜ የስንዴ ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ አለ። የናይጄሪያ መንግሥት በ2005 በስንዴው ዱቄት ውስጥ ከመቶ 10 እጅ የካሳቫ ዱቄት እንዲቀላቀል ያዘዘው ይህን የውጭ ጥገኝነት ለመቀነስ ነበር። እንግዲህ ዱቄት በሚወደድበት ስፍራ ቂጣን ማሳሳት ታላቅ ቍጠባ ነው።

ለ12 ያህል ቂጣ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 2 እንቁላል፣ 300 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ገውዝ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቀልጦ የበረደ ቅቤ ወይም ዘይት። ሚዛን የሌለው ሰው ለ1 ብርጭቆ ዱቄት 1 እንቁላልና ከ1 ብርጭቆ ጥቂት የሚበልጥ ፈሳሽ ብሎ ቢይዝ አይሳሳትም። በምዕራብ አፍሪቃ ደቡባዊ የደን ምድር የቆላ ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ የቀንድ ከብትን ስለሚጐዳ፣ ብዙዎች የቆርቆሮ ወተት በውሃ አቅጥነው ይጠቀማሉ።

አስቀድሞ ዱቄቱን በወንፊት ነፍቶ ከስኳሩ፣ ከጨውና ከገውዙ ጋር መቀላቀል ይገባል። ከዚህ በኋላ በመካከሉ ጕድጓድ አበጅቶ እንቁላሉን መስበር፣ ወተቱንም ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ማማሰል ነው። ፈሳሹ በአንድ ጊዜ የፈሰሰ እንደ ኾነ ዱቄቱ ይጓጕላል። ሊጡ ከለሰለሰ በኋላ ውሃውና ቅቤው ይጨመራል፤ ብዙ መምታት ግን አይገባም። ስንዴ ውሃ ሲነካው ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ ነገር ይወጣዋል፤ ይህም ቂጣው ሳስቶ ሳለ እንዳይበጣጠስ ይይዘዋል፤ ነገር ግን ሊጡ አብዝቶ ከተመታ ቂጣው እንደ ቈዳ ይጠነክራል። ስለዚህ ሊጡን ከድኖ ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ መልካም ነው፤ በዚህ ጊዜ ዱቄቱ ውሃውን ይጠጣል፣ ግሉተኑም ይላላል። የእንጀራ ሊጥ ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል፤ ዐይን የሚያወጣውም ስለዚህ ነው። ይህ ግን ስለማይቦካ ዐይን የለውም። ካረፈ በኋላ ሊጡ ከጭልፋ ያለ መቋረጥ የሚወርድ መኾን አለበት፤ ቢወፍር ጥቂት ውሃ ይጨመርበታል።

ለመጋገር ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የኾነ መጥበሻ በመካከለኛ እሳት ይጣዳል። የውሃ ጠብታ ሲጣልበት እየዘለለ የሚተን ከኾነ ግሏል ማለት ነው። በዘይት የራሰ ጨርቅ በላዩ ካሳለፉ በኋላ፣ ከ1 የቡና ሲኒ ያልበለጠ ሊጥ በመካከሉ አፍስሶ ወዲያው መጥበሻውን ማዘንበልና ማዞር ነው። ሊጡ ኹሉን ሲያለብስ ትርፉ ወደ ዕቃው ይመለሳል። እንጀራ አክንባሎ ተደፍቶበት በአንድ ወገን ብቻ ይበስላል፤ ይህ ቂጣ ግን ዳር ዳሩ ሲነሣና ላዩ ሲደርቅ ይገለበጣል፤ ኹለተኛውም ወገን ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈልግም። የመጀመሪያው ቂጣ ብዙ ጊዜ አያምርም፤ የእሳቱንና የሊጡን ልክ የሚያስታውቅ መፈተኛ ነው።

በናይጄሪያ አንዳንዶች ስኳሩን ቀንሰው በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ በሊጡ ይጨምራሉ። እንዲሁ ባዶውን፣ ወይም ማር ተቀብቶ ተጠቅልሎ ይበላል።

ሦስት ነገር መጠንቀቅ ይገባል። መጀመሪያ፣ ገውዝ በብዛት ሲበላ ይመርዛልና ከልኩ ማሳለፍ አይገባም፤ ከሕፃናትም እጅ ይራቅ። ኹለተኛ፣ እንቁላልና ወተት ያለበት ሊጥ በሙቀት ቶሎ ይበላሻልና በዚያው ቀን ይጋገር። ሦስተኛ፣ እንቁላል፣ ወተት ወይም ስንዴ የማይስማማው ልጅ ስላለ፣ ከማብላት በፊት ወላጆቹን መጠየቅ ያስፈልጋል።

መምህር ይህን ለትምህርት ሊያደርገው ይችላል። ተማሪዎቹ ከአንድ ልክ ዱቄት በስሱም በወፍራሙም ጋግረው ስንት ስንት እንደ ወጣ ይቍጠሩ፤ የእያንዳንዱንም ዋጋ በሒሳብ ያውጡ። ነገር ግን ዱቄት በቀጠነ መጠን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ምግብ ያንሳል፤ ልጅን የሚያጠግበው የቂጣው ብዛት ሳይኾን በውስጡ ያለው ዱቄት፣ እንቁላልና ወተት ነው። ስለዚህ ቍጠባው በዱቄቱ ይኹን፤ እንቁላሉና ወተቱ ግን ከልካቸው አይጕደሉ።