ቅማልን በማበጠሪያ ብቻ

ዛሬ የምጽፈው ብዙዎቻችን እያለብን ስለምንደብቀው ስለ ቅማል ነው። አትሳቁ እሺ!

ባለፈው ሴሚስተር እኔም ነበረብኝ። ክፍል ውስጥ ራሴን ሳክ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አየችኝና ቦታ ቀየረች። በጣም ስላፈርኩ በማግስቱ «አሞኛል» ብዬ ቀረሁ። ጎረቤታችን ለእማዬ «ላምባ ቀቢያት፣ ባንዴ ይለቃታል» አሏት። እማዬ ግን እምቢ አለች። ላምባ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሳት አጠገብ ደግሞ ይቀጣጠላል። የትኋን መርዝማ ጭራሽ ለሰው ራስ አይደለም።

እሷ ያደረገችው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሹሩባዬን ፈታች። ፀጉሬን አጥባ ሳይደርቅ ዘይት በደንብ ቀባችኝ፤ እርጥብ ሲሆን ቅማሉ እንደ ልቡ አይሮጥም። የኛ ፀጉር ጥቅልል ስለሆነ ወዲያው በደቃቁ ማበጠሪያ ከተጀመረ ያማል። ስለዚህ በሚዶ አፍታታችው። ከዚያ ትንሽ ትንሽ እየከፈለች፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለው ማበጠሪያ ከሥሩ እስከ ጫፉ ትስባለች፣ በነጭ ጨርቅ ትጠርጋለች። ሰሊጥ የሚያክሉ ቅማሎች ጨርቁ ላይ ሲሄዱ ሳይ ቀፈፈኝ! ከጆሮዬ ጀርባና ከማጅራቴ ብዙ ወጣ።

የሚያስቸግረው ቅጫሙ ነው፣ እንቁላሉ ማለት ነው። ፎሮፎር ሲነኩት ይረግፋል፣ ቅጫም ግን ፀጉር ላይ ተጣብቆ አልወርድም ይላል። እማዬ በጥፍሯ አንድ በአንድ ጎተተችው። ያመለጣት ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። አንድ ቀን አበጥረው የሚተዉ ሰዎች «ተመለሰብን» የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ በየ3 ቀኑ ለ2 ሳምንት አበጠርን። እኔ በሁለተኛው ቀን ሰልችቶኝ አልቅሻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ግን ተላጨና ተገላገለ፣ ቀናሁበት። እማዬም ራሷን አስፈተሸች፣ አንዱ ቤተሰብ ላይ ከቀረ ልፋቱ ከንቱ ነዋ። ማበጠሪያውንም ሁሌ በፈላ ውሃ እንዘፈዝፈዋለን።

የሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው ቅማል አይዘልም፣ አይበርም፣ ራስ ለራስ ስንነካካ ነው የሚጋባው አሉኝ። ንጹሕ ፀጉርም ላይ ይወጣል። እኔ እኮ በየሳምንቱ ነው የምታጠበው!

ቦታ የቀየረችው ልጅ ባለፈው በእረፍት ሰዓት መጥታ፣ ቀስ ብላ «እስቲ እኔንም እዪልኝ» አለችኝ። አየሁላት። ከጆሮዋ ጀርባ 3 ቅጫም ነበር።