የግሪንላንዱ ሻርክና የካዋይዋ ኦኦ

የግሪንላንድ ሻርክ ዕድሜው የተጻፈው ዓይኑ ውስጥ ነው። በሰሜን አትላንቲክና በአርክቲክ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አንዳንዴም ከ2,000 ሜትር በታች ጠልቆ ይኖራል። ቁመቱ ከ5 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ሲዋኝ ግን በእግሩ የሚጓዝ ሰው ይቀድመዋል። ሥጋው ትኩሱን መርዝ ስለሆነ አይስላንዳውያን የሚበሉት አብላልተውና አድርቀው ነው።

የብዙ ዓሦች ዕድሜ የሚታወቀው ጠንካራ የአካል ክፍላቸው ላይ ያሉ ቀለበቶች ተቆጥረው ነው። ይህ ሻርክ የሚቆጠር ቀለበት የለውም። የዓይኑ ሌንስ እምብርት ግን በእናቱ ሆድ ሳለ ተሠርቶ ዕድሜ ልኩን ሳይታደስ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪው ዩሊየስ ኒልሰንና ባልደረቦቹ በ28 እንስት ሻርኮች ሌንስ ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 ለክተው፣ ትልቋን 392 ዓመት ገደማ ገመቷት። ግምቱ 120 ዓመት ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። እንስቶቹ ለመውለድ የሚደርሱት ደግሞ በ150 ዓመታቸው አካባቢ ነው።

ዝቅተኛውን ግምት፣ 272ን፣ ብንወስድ እንኳ ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1778 ሃዋይ ውስጥ ካዋይ ደሴት ላይ ሲወርድ ይህች ሻርክ በሕይወት ነበረች፤ ያውም ገና ልጅ። በደሴቲቱ ጫካ ያን ጊዜ ኦኦ ትዘምር ነበር። ኦኦ 20 ሳንቲ ሜትር የምታህል፣ ጠቆር ያለች፣ ጭኗ ላይ ቢጫ ላባ ያላት ወፍ ናት። ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ይዘምሩ ነበር።

በ1826 ትንኝ በመርከብ ሃዋይ ገባች። የአእዋፍ ወባ ተከተለ፤ አይጥም የኦኦን ጎጆ አራቆተ። ኦኦ ብርዱ ትንኝን ወደሚያግድበት ወደ አላካይ ረግረጋማ ደጋ ሸሸች። በኅዳር 1982 ኢዋ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ከመታ በኋላ የመጨረሻዋ ሴት አልታየችም። ወንዱ በ1985 ለመጨረሻ ጊዜ ታየ፤ በ1987 ድምፁ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲህ የለም። ብቻውን ሲዘምር የተቀዳው ድምፅ ዛሬም ይሰማል። አዚሞ ዝም ይላል፤ ሴቷ ትገባበት የነበረው ቦታ ባዶውን ያልፋል። ደግሞ ይጀምራል። ይህን ድምፅ ሳልረበሽ ሰምቼው አላውቅም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው የሻርኳ ረጅም ዕድሜ ስለሚያሰጋኝ ነው። ዛሬ መረብ የያዛትን አንዲት እናት የሚተካት ግልገል ራሱ ለመውለድ አንድ መቶ ተኩል ዓመት ይፈልጋል። ዕድሜያቸውን ካወቅንላቸው ከእነዚያ 28 ሻርኮች ብዙዎቹ የሞቱት ለሌላ ዓሣ በተዘረጋ ማጥመጃ ገብተው ነው።