የሳነቴ ውርጭና የከዋክብት ልደት

በባሌ፣ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ የሚያቋርጠው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ሲሆን፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ከሚለካው ከ60 በመቶ ብዙም አይበልጥም። በበጋ፣ ደመና በሌለበት ሌሊት፣ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት የሚያቅብለት በቂ አየርና እንፋሎት ስለማያገኝ፣ ሙቀቱ ዓይን በማያየው ታሕተ ቀይ ጨረር አማካይነት ወደ ሕዋ ያመልጣል፤ ውርጭ ይወርዳል፤ ጅብራ የተባለው ተክልም ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ለጋ ቡቃያውን ከብርዱ ይከልላል። ከዋክብት እንዴት እንደሚፈጠሩ ለመረዳት መነሻው ይኸው የሙቀት ማምለጥ ነው፤ ጋዝ ኮከብ የሚሆነው ሙቀቱን ወደ ሕዋ መልቀቅ ከቻለ ብቻ ነውና።

ከዋክብት የሚፈጠሩበት እንዲህ ያለ ጋዝ ከዚሁ አካባቢም ይታያል፤ የባሌ ከተሞች ሮቤና ጎባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ አናት ተጠግቶ ይታያል። በተርታ ከቆሙት ሦስት ደማቅ ከዋክብት በስተደቡብ ከሚታዩት ፈዘዝ ያሉ ነጥቦች መካከለኛው፣ ልብ ብሎ ላየው፣ ዳር ድንበሩ የማይለይ ጭጋግ ነው። ይህ የኦሪዮን ኔቡላ ይባላል፤ ኔቡላ ማለት በከዋክብት መካከል የሚገኝ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ርቀቱ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን፣ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት የሚጓዘው 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚታየው ብርሃን ጉዞውን የጀመረው የአክሱም መንግሥት በተዳከመበት ዘመን ነው። በእንጦጦ ተራራ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ቢኖሩም የአዲስ አበባ መብራት ጎረቤታቸው ነው፤ ሳነቴ ግን ያለ መሣሪያም ብዙ ያሳያል።

የሚያበራው ክፍል የደመናው ገጽታ ብቻ ነው። ከጀርባው ያለው ጨለማ ደመና በአብዛኛው ሃይድሮጅን ሲሆን፣ እጅግ በቀዘቀዙት ክፍሎቹ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደርሳል። የስበት ኃይል ጋዙን ወደ መሐል ይስባል፤ የተጨመቀ ጋዝ ደግሞ ይሞቃል፣ ሲሞቅም ወደ ውጭ እየገፋ ስበቱን ይቋቋማል። ሃይድሮጅን በዚያ ብርድ ሙቀቱን በጨረር ማስወገድ ስለማይሆንለት፣ ሥራውን የሚሠሩለት በውስጡ በጥቂቱ የተቀላቀሉት አቧራና የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውሎች ናቸው፤ እነርሱ ሙቀቱን እየለቀቁ ስለሚያቀዘቅዙት ጋዙ መሰብሰቡን ይቀጥላል። በመጨረሻ መሐሉ ከመጠን በላይ ሲጠቀጠቅ ጨረር መውጫ ያጣል፣ ሙቀቱም ይጠራቀማል፤ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሃይድሮጅን አቶሞች አስኳሎች ተዋህደው ሂሊየም መሆን ይጀምራሉ። ኑክሌር ውህደት የሚባለው ይህ ሂደት የፀሐይ ብርሃን ምንጭ ነው።

ደመናው ስለሚሽከረከር ሁሉም ጋዝ መሐል ላይ አይወድቅም፤ ከፊሉ በዙሪያው ጠፍጣፋ ዲስክ ሆኖ ይቀራል። ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት ሥርዓተ ፀሐይ ሲፈጠር ፀሐይ ከጠቅላላው ቁስ ከ99 በመቶ በላይ ስትወስድ፣ ምድርም ሆነች የባሌ ተራሮች የተገነቡበት ቁስ ከትራፊው ነው። ለፀሐይ በቀረበው የዲስኩ ክፍል ውሃ እንፋሎት ሆኖ ስለቆየ ድንጋያማዎቹ ፕላኔቶች ሲፈጠሩ፣ ራቅ ብሎ ግን በረዶው የጠጣሩን ቁስ መጠን ስላበዛው ጁፒተርና ሳተርን ገዘፉ።

ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኦሪዮን ኔቡላ ውስጥ በወጣት ከዋክብት ዙሪያ እንዲህ ያሉ ዲስኮችን አሳይቷል። ይሁን እንጂ በኔቡላው መሐል ያለው እጅግ ደማቅ ኮከብ የሚረጨው አልትራቫዮሌት ጨረር የጎረቤቶቹን ዲስክ ጋዝ እየጠራረገው ስለሆነ፣ አንዳንዶቹ እንደ ጁፒተር ያለ ፕላኔት ለመሥራት የሚበቃ ጋዝ ላይተርፋቸው ይችላል።