ወረርሽኝ ሲመጣ ትምህርት ቤት ለምን ይዘጋል? ተመልሶስ እንዴት ይከፈታል?



«በሽታ ገባ» ሲባል ቶሎ ከሚዘጉት ቦታዎች አንዱ ትምህርት ቤት ነው። ብዙ ተማሪዎች «ገበያው እየሠራ እኛን ብቻ ለምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን አብረን እንይ።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020) ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ መጋቢት 7 ደግሞ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በዚያው ወር እዚህ ጅቡቲም የመጀመሪያው ታማሚ ተገኝቶ ትምህርት ቆመ። እንደ ዩኔስኮ መረጃ በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተለይተው ነበር።

ለምን ትምህርት ቤት?

ኮቪድ በዋነኛነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ገበያ የሄደ ሰው ገዝቶ ይመለሳል። ተማሪ ግን ከብዙ ልጆች ጋር ተጠጋግቶ፣ አንድ አየር እየተነፈሰ ለሰዓታት ይቀመጣል። ከዚያ ወደየቤቱ ይበተናል። ካርቲየ 6 ውስጥ ደግሞ አያት፣ እናትና ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ የሚያድሩበት ቤት ብዙ ነው። ልጁ ራሱ ምንም ሳያመው በሽታውን ለአያቱ ይዞ ሊገባ ይችላል። መዝጋት ብቻውን በሽታውን አያጠፋም። ዓላማው ታማሚው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሆስፒታል እንዳያጨናንቅ ፋታ ማግኘት ነው።

የተማሪዎች ካምፕና ሽርሽር ከክፍልም ይብሳል። ከተለያየ ሰፈር የመጡ ልጆች በአንድ መኪና ይጓዛሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ያድራሉ። ስለዚህ አዳር ያለው ካምፕ ቢከለከል ሊገርመን አይገባም። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ፣ ከዳስ ሥር በነፋሻ ቦታ የሚደረግ ፕሮግራም ግን አደጋው ያነሰ ነው።

ሁሉም በሽታ አንድ አይደለም

ኮሌራ የሚተላለፈው በተበከለ ውኃና ምግብ ነው። እዚያ ላይ ጭምብል አይረዳም፤ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃ፣ ሳሙናና ሽንት ቤት ነው። ለኩፍኝ ዋናው መከላከያ ክትባት ነው። ስለዚህ መመሪያ ሲመጣ መምህሩ መጀመሪያ «ይህ በሽታ በምን ይተላለፋል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሲከፈት

ኢትዮጵያ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት ስትጀምር ከገጠር ተነስታ በዙር ነበር የከፈተችው። በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ እንዲሆን፣ ጭምብልም እንዲደረግ ታዘዘ። በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ሦስት ነገር ይታያል፦

1. ቁጥር፦ ክፍሉ ከሞላ ተማሪውን በፈረቃ መክፈል።
2. አየር፦ በሁለቱም በኩል መስኮት መክፈት። እዚህ ሙቀቱና የካምሲን አቧራ መስኮት ያዘጋናል። ቬንትሌተር ግን ያንኑ የክፍሉን አየር ያዞራል እንጂ አዲስ አየር አያስገባም።
3. ጊዜ፦ ረጅሙን ክፍለ ጊዜ ማሳጠር፣ በመካከሉ ልጆቹን ወደ ውጭ ማስወጣት።

ትልቁ ጉዳት

መዝጋት የራሱ ዋጋ አለው። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። መብራትም ሬዲዮም የሌለው ልጅ ምን ያድርግ? አንዳንዱ ሥራ ይጀምራል፣ አንዳንዷ ትዳራለች፤ በሩ ሲከፈት አይመለሱም። ሴራሊዮን ውስጥ ከኢቦላ በኋላ በ2007 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲከፈት ነፍሰ ጡር ተማሪዎች እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር። ክልከላው የተነሳው በመጋቢት 2012 ነው። አምስት ዓመት ማለት ለአንዲት ተማሪ አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ሌላ ወረርሽኝ ግን አይመጣም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከአሁኑ እያንዳንዱ መምህር የተማሪዎቹን ሰፈርና የወላጅ ስልክ በደብተር ይያዝ፤ ስልክ ከሌላቸው የጎረቤት ይጻፍ። የሁለት ሳምንት የወረቀት መልመጃ ያዘጋጅ። ተማሪዎችም በየሰፈራችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ተመዳደቡ። ትምህርት ቤት በተከፈተ ቀን ያልመጣውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ «ምነው ቀረህ?» በሉት።